በዘጠኝ ሰዓት የሚመለሰው የአንገት ሕመም፦ የአንዲት ጥልፍ ሠሪ ጉዳይ

«ዶክተር፣ አንገቴ የሌላ ሰው ሆነብኝ።»

ታካሚዬ ገና ሳይቀመጡ ነው ይህን ያሉኝ። ጥምቀት ካለፈ ሳምንት አልሞላውም ነበር። 46 ዓመታቸው ነው። ባሕር ዳር ውስጥ፣ ከጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ብዙ በማይርቅ ጠባብ ሱቅ የሐበሻ ቀሚስ ጥልፍ ይሠራሉ። እኔ ፊዚዮቴራፒስት ነኝ፤ በእጅና በእንቅስቃሴ ነው የማክመው። ጉዳያቸውን የምጽፈው በፈቃዳቸው ነው። ስማቸውንና ሱቃቸውን ግን አልጠቅስም።

ሕመሙ ከቀኝ የአንገታቸው ጎን ይነሣል። በማጅራታቸው ይወጣና ከቀኝ ዓይናቸው በላይ ይቀመጣል። ጠዋት ደህና ናቸው። ከሰዓት በኋላ ዘጠኝ ሰዓት ሲል «እንደ ገመድ ይጎትተኛል» ይላሉ። ከ0 እስከ 10 ቁጥር እንዲሰጡት ስጠይቃቸው 7 አሉ። የጀመረው ሰኔ መጨረሻ ላይ ነው። ሰባት ወር መሆኑ ነው።

ከሕመሙ በላይ ያስጨነቃቸው ግን መንገድ ነው። ባጃጅ ከኋላ ጥሩምባ ሲነፋ አንገታቸው ስለማይዞር መላ ሰውነታቸውን ነው የሚያዞሩት። በብስክሌትና በባጃጅ በተሞላ ከተማ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። አንድ ቀን ብስክሌት ለጥቂት ስቷቸዋል።

በሰባቱ ወር ያልሞከሩት የለም። ጎረቤት «የጣና ንፋስ ነው፣ ብርድ መቶሽ ነው» ብሎ በቅቤ አሽቷቸዋል። ከመድኃኒት ቤት ዳይክሎፌናክ የሚባለውን የሕመም ማስታገሻ እየገዙ ውጠው ጨጓራቸው ተነሥቷል። ራጅ ተነሥተውም «የአንገት አጥንትዎ አርጅቷል» ተብለዋል። ይቺን አንዲት ዓረፍተ ነገር ሲነግሩኝ እንባ ተናነቃቸው። «ከዚያ ቀን ጀምሮ እንቁላል እንደተሸከመ ሰው ነው የምራመደው» አሉኝ።

በዚህ ዕድሜ ራጅ ላይ የአንገት አጥንት ለውጥ መታየቱ የተለመደ ነው። ምንም ሕመም የሌለባቸው ሰዎች ራጅም ያንኑ ያሳያል። «አርጅቷል» ብሎ መላክ ሰውን ማስፈራት ብቻ ነው። የፈራ ሰው ደግሞ አንገቱን ያደርቃል፣ ያደረቀው አንገት መልሶ ያመዋል። የመጀመሪያ ሥራዬ ይህን ቃል ማስረሳት ነበር።

ወጌሻ ዘንድም ሁለት ጊዜ ሄደዋል። በመጀመሪያው አንገታቸው «ቀጭ» አለና ለሁለት ቀን እፎይ አሉ። በሁለተኛው ግን ራሳቸውን አዞራቸው፤ ሳምንት ሙሉ ተኙ። ወጌሻን አልንቅም። ሐኪም በሌለበት አገር ስንቱን ያሻገሩ እጆች ናቸው። አንገት ግን ሌላ ነው። ወደ አንጎል ደም ከሚያደርሱት የደም ሥሮች ሁለቱ የሚያልፉት በአንገት አጥንቶች ጎን ባሉት ቀዳዳዎች ውስጥ ነው። በድንገት ሲጠመዘዝ ከእነዚህ አንዱ ከተቀደደ ስትሮክ ሊመጣ ይችላል። ብዙ ጊዜ የሚደርስ ነገር አይደለም፤ ሲደርስ ግን ከባድ ነው። «ቀጭ» የሚለው ድምፅም አጥንት ቦታው ገባ ማለት አይደለም። በመገጣጠሚያው ፈሳሽ ውስጥ ካለው ጋዝ የሚመጣ ድምፅ ነው።

ከመንካቴ በፊት ጠየቅኋቸው። ወድቀው ያውቃሉ? ትኩሳት፣ የሌሊት ላብ፣ ያለ ምክንያት መክሳት፣ የቆየ ሳል አለ? የአከርካሪ ቲቢ በሚታይበት አገር ይህን ጥያቄ የሚዘል ሰው አንገት ባይነካ ይሻላል። ሲራመዱ ይንገዳገዳሉ? ሽንት ያስቸግራል? እጅ ላይ መደንዘዝ አለ? ሁሉም «የለም» ነበር። ቁልፍ ለመቆለፍ፣ መርፌ ውስጥ ክር ለማስገባት እጃቸው እምቢ ብሎ እንደሆነም ጠየቅሁ።

«ክር ማስገባቱስ ዓይኔ ነው እንጂ እጄ አይደለም» አሉ።

እኔም «እጅ፦ ደህና» ብዬ ጻፍኩና አለፍኩ። ይህቺን መልስ ያዙልኝ።

የደም ግፊታቸው ደህና ነበር። የእጅ ጉልበትና ሪፍሌክስም እንዲሁ። አንገታቸው ወደ ግራ 70 ዲግሪ፣ ወደ ቀኝ 48 ዲግሪ ብቻ ይዞራል። ቀጥሎ አገጫቸውን ደረታቸው ላይ አስጠግቼ በዚያው ራሳቸውን ወደ ጎን አዞርኩ። ይህ ሙከራ የላይኞቹን ሁለት የአንገት አጥንቶች ለብቻቸው የሚፈትሽ ነው። ጤናማ ሰው ላይ 44 ዲግሪ ገደማ ይሄዳል። የእሳቸው በግራ 42 ሲሆን በቀኝ 24 ላይ ቆመ። ሲቆምም ያው የዓይናቸው ሕመም መጣ። ራስ ምታቱ ከአንገት የሚነሣ መሆኑን ያመንኩት እዚህ ላይ ነው።

የጥልቅ አንገት ጡንቻዎቻቸውን የፈተሽኩት በደም ግፊት መለኪያ ነው። ለዚህ የተሠራ መሣሪያ አለ፤ እኛ ጋ የለም። የመለኪያውን ጨርቅ አጥፌ ከአንገታቸው ሥር አድርጌ 20 ላይ ነፋሁት። ከዚያ «አዎ» እንደሚል ሰው አገጫቸውን በቀስታ እንዲያወርዱ ነገርኳቸው። ጤናማ አንገት እስከ 26፣ 28 ድረስ በእርጋታ ይይዛል። እሳቸው 22 ላይ ተንቀጠቀጡ። 24 ላይ የፊት ለፊቱ ትልቁ ጡንቻ እንደ ገመድ ተወጥሮ ወጣ። ውስጡ ሲደክም ውጪው ሥራውን ይቀማል።

እ.ኤ.አ. በ1991 የተዘጋጀ፣ የአንገት ሕመም ኑሮን ምን ያህል እንደሚያውክ የሚለካ ባለ 10 ጥያቄ ቅጽ አለ። ከ50 ነው የሚታረመው። አብረን ሞላነው፤ 21 መጣ።

አሁን ወደ እጅ ሥራው።

በጀርባቸው አስተኛኋቸው። እጄን ከራሳቸው ሥር አስገባሁ። ጣቶቼ ወደ ላይ ቆመው የራስ ቅል በሚያልቅበትና አንገት በሚጀምርበት ጎድጓዳ ላይ አረፉ። አልገፋሁም። ጣቴ ላይ የሚወርደው የራሳቸው ክብደት ነው። በመጀመሪያ ጡንቻው እንደ ደረቀ ቆዳ ነበር። አንድ ደቂቃ፣ ሁለት ደቂቃ ምንም አልነበረም። ሦስተኛው ላይ አገጫቸው በትንሹ ወረደ፣ ትንፋሻቸው ረዘመ፣ ራሳቸው ከበደኝ። ራስ ሲከብደኝ ደስ ይለኛል። ታካሚው ራሱን መሸከም ተወ ማለት ነው።

ከዚያ ከትከሻ ወደ አንገት የሚወጣውን ጡንቻ ያዝኩ። ጠንካራ ቋጠሮ ነበረበት። ቋጠሮውን በአውራ ጣቴ ተጭኜ አንድ ደቂቃ ያህል ቆየሁ። ማሸት አይደለም፤ መጠበቅ ነው። ሕመሙ ከ10 ከ5 በላይ እንዲሄድ አልፈቅድም። «ካላመመ አያድንም» የሚል እምነት እኛ ዘንድ ሥር የሰደደ ነው። የተፈራ እጅ ግን ጡንቻን አያላላም።

ቀጥሎ በሆዳቸው ተኝተው ግንባራቸውን በእጃቸው ላይ አሳረፉ። ሁለቱን አውራ ጣቶቼን አጋጥሜ በቀኝ በኩል ሁለተኛው የአንገት አጥንት ላይ አስቀመጥኩ። ገና ቀስ ብዬ ስጫን «እሱ ነው! ዓይኔ ላይ ደረሰ!» አሉ። ቦታው ተገኘ።

አውስትራሊያዊው ፊዚዮቴራፒስት ጄፍሪ ሜትላንድ ለዚህ ዓይነቱ ግፊት ደረጃ አውጥቶለታል። አንደኛው በጣም ትንሽ እንቅስቃሴ ነው። አራተኛው መገጣጠሚያው እስከሚቆምበት ድረስ ይሄዳል። ከዚያ በላይ ያለው ድንገተኛው ግፊት ነው። ያንን የላይኛው አንገት ላይ አላደርግም፤ ወጌሻ ዘንድ ዞሮባቸው የነበረ ሰው ላይ ደግሞ ጨርሶ። በአንደኛውና በሁለተኛው ጀመርኩ። በሰከንድ አንድ ሁለት ጊዜ፣ ልክ ሕፃን እንደሚያባብል እጅ። አንድ ደቂቃ፣ ዕረፍት፣ አሁንም አንድ ደቂቃ። በሦስተኛው ዙር ሕመሙ ከዓይናቸው ወርዶ ጣቴ ሥር ብቻ ቀረ። ያኔ ወደ ሦስተኛው ደረጃ አለፍኩ።

የላይኛው ጀርባቸውም እንደ ሳንቃ ነበር። ይህን ብዙ ሰው ይረሳዋል። ቀኑን ሙሉ ጎብጦ የሚሠራ ሰው ጀርባው ሲደርቅ አንገቱ የጀርባውንም ድርሻ ይዞራል። በመዳፌ ተረከዝ ትንፋሽ ሲያወጡ እየጠበቅሁ በየአጥንቱ ወደ ታች ተጫንኩ።

ተነሥተው ሲቀመጡ አንገታቸው ወደ ቀኝ 60 ዲግሪ ዞረ። ከ48 ተነሥቶ ማለት ነው። «እጅህ ይባረክ» አሉኝ። ደስታቸው ደስታዬ ነበር። ግን አንድ ነገር ነገርኳቸው። አጥንት ወደ ቦታው አልመለስኩም፤ አጥንታቸውም ከቦታው አልወጣም። የእጅ ግፊት በዋናነት የሚሠራው ነርቭ ላይ ነው። የሕመሙን ድምፅ ይቀንሳል፣ ጡንቻው ዘብ መቆሙን ይተዋል። ያ ደግሞ ሰዓታት፣ ቢበዛ ቀናት የሚቆይ መስኮት ነው። በመስኮቱ ውስጥ መንቀሳቀስ ያለባቸው እሳቸው ናቸው።

ለዚህም ሁለት ነገር አስያዝኳቸው። አንዱ ያ የ«አዎ» ልምምድ ነው፤ ተኝተው፣ አገጭን አውርዶ 10 ሰከንድ መያዝ፣ 10 ጊዜ። ሁለተኛው የኒውዚላንዱ ፊዚዮቴራፒስት የብራያን ሙሊጋን ዘዴ ነው። ለዚህ ነጠላቸውን ተጠቀምን። ጥለቱን ጠምዝዘው ከራስ ቅላቸው ሥር አንገት ላይ ያሳርፉታል። ጫፉን በጉንጫቸው አቅጣጫ ወደ ፊት እየሳቡ፣ አንገታቸውን ወደ ሚያስቸግረው ጎን በቀስታ ያዞራሉ። ማመም የለበትም። ካመመ ጥለቱ ቦታ ስቷል ማለት ነው። እሳቸው ጨርቅ የሚያውቅ እጅ ስላላቸው ሁለት ጊዜ አሳይቼ ያዙት።

እ.ኤ.አ. በ2002 አውስትራሊያ ውስጥ 200 ሰው የተሳተፈበት ጥናት፣ የእጅ ሕክምናም ልምምድም ከአንገት የሚነሣ ራስ ምታትን እንደሚቀንሱና ውጤቱ ዓመት ድረስ እንደሚቆይ አሳይቷል። ስለዚህ ልቤ ሙሉ ነበር።

ሁለተኛው ቀጠሮ ላይ 51 ዲግሪ ሆነው መጡ። ሠራሁ፤ 62 ገባ። ሦስተኛው ላይ ደግሞ 50። ልምምዱን እየሠሩ ነው፤ ልጃቸው መስክራለች። ጠዋት አንገታቸው ይዞራል፣ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ገመዱ ይመጣል። እኔ የከፈትኩትን በየቀኑ የሚዘጋ ነገር አለ። ያን ቀን ማታ እንቅልፍ ነሣኝ።

በማግሥቱ ከሥራ ስወጣ ብስክሌቴን ይዤ ወደ ሱቃቸው ሄድኩ። ደርሼ ደጃፉ ላይ ቆሜ አየኋቸው። የሠርግ ቀሚስ ደረት ላይ መስቀል እየጠለፉ ነው። ስፌት መኪናው በእግር የሚረገጠው አሮጌው ዓይነት ነው። አምፖሉ ከኋላቸው ተንጠልጥሎ የራሳቸው ጥላ ሥራቸው ላይ ይወድቃል። ፊታቸው መርፌው ላይ ሊደርስ ምንም አልቀረውም። ዓይናቸው ላይ ደግሞ አይቼው የማላውቀው መነጽር አለ።

«ይሄ መነጽር ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ይሄማ የሰኔ ሚካኤል ዕለት ከሱቅ በደረቴ የገዛሁት ነው። ከሁሉም አጉልቶ ያሳየኝ እሱ ነው።»

ሰኔ 12። ሕመሙ የጀመረው ሰኔ መጨረሻ። ክሊኒክ አድርገውት መጥተው አያውቁም፤ ሲራመዱ ስለሚያደበዝዝባቸው መኪናው ላይ ትተውት ነው የሚወጡት። እኔም አልጠየቅኋቸውም።

መነጽሩን ተቀብዬ ክንዱን አየሁት። +3.00 ይላል። ይህ ቁጥር ትርጉም አለው። በባለ 3 የንባብ መነጽር አንድን ነገር ጥርት አድርጎ ለማየት ቢበዛ 33 ሴንቲ ሜትር ርቀት ላይ መሆን አለበት። ከዚያ ከራቀ ይደበዝዛል። በልብስ መለኪያ ሜትራቸው ከዓይናቸው እስከ መርፌው ለካሁ፦ 28 ሴንቲ ሜትር። ቀና ብለው እንዲቀመጡ አድርጌ ደግሜ ለካሁ፦ 52። «አሁን ጥልፉ ይታያል?» ስላቸው «ጭጋግ ነው» አሉ።

ስለዚህ ቀና ማለት አይችሉም ነበር። ሰው ሁሉ «ቀጥ ብለሽ ተቀመጪ» ይላቸዋል፤ እኔም ብያለሁ። ቀጥ ካሉ ግን ሥራቸው አይታይም። ራስ 5 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። አምስት ሊትር ውሃ የያዘ ጀሪካን ማለት ነው። ጀሪካኑን ደረትህ ላይ አስጠግተህ ብትይዘው ብዙ ትቆያለህ። ክንድህን ዘርግተህ ብትይዘው ትከሻህ ቶሎ ይለምንሃል። ሴትዮዋ ጀሪካናቸውን ከጠዋት እስከ ማታ በተዘረጋ ክንድ ይዘውት ነበር። በዚያ ላይ አንገታቸው ወደ ፊት ወጥቶ ዓይናቸው ወደ መርፌው እንዲያይ አገጫቸው ቀና ይላል፤ ያቺ ሁለተኛዋ የአንገት አጥንት እዚያ ላይ ትጨነቃለች።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልበል። እኔ «መጥፎ አቀማመጥ» በሚባለው ነገር ያን ያህል አላምንም። ጎብጠው የሚውሉ ስንት ሰዎች አንገታቸው አያማቸውም። ጉዳቱ ያለው ሳይቀያየሩ መቆየት ላይ ነው፤ አንድ ቦታ ላይ መቆለፍ ላይ። እሳቸውን የቆለፋቸው መነጽሩ ነበር።

ወደ ዓይን ክፍል ላክኋቸው፤ በ1.50 መነጽር ተመለሱ። በእሱ 60 ሴንቲ ሜትር ላይም ያያሉ። ልጃቸው አምፖሉን ከፊት በግራ በኩል አዞረችው። ወንበራቸው ላይ የተረፈ ጨርቅ አጣጥፈን ከፍ አደረግነው። እንዲያርፉ ሰዓት አልሰጠኋቸውም፤ ሥራ የያዘ ሰው ሰዓት አያይም። የታችኛው ክር ባለቀ ቁጥር ግን መቆማቸው አይቀርም። ስለዚህ ክር ባለቀ ቁጥር ተነሥተው ትከሻቸውን አምስት ጊዜ እንዲያዞሩና እስከ ደጅ ደርሰው እንዲመለሱ ተስማማን።

ከዚያ በኋላ እጄ የሠራው ሥራ መቆየት ጀመረ። አራተኛው ቀጠሮ ላይ 61 ይዘው መጡ። ሲገቡ ለክቼ ከመቼውም ያስደሰተኝ ቁጥር ይህ ነው። ስድስተኛው ላይ የ«አዎ» ልምምዱን 26 ላይ ያዙ። ሰባተኛው ላይ አንገታቸውን በጭራሽ አልነካሁም፤ ጀርባቸውን ብቻ ሠርቼ ልምምዱን ከበድ አደረግነው፣ ላስቲክ ጨመርንበት።

በአምስት ሳምንት ውስጥ ስምንት ጊዜ ተገናኘን። የካቲት መጨረሻ ላይ ሕመሙ 2 ነበር። ወደ ቀኝ 72 ዲግሪ ዞሩ። ያ የላይኛው አንገት ሙከራ ከ24 ተነሥቶ 38 ደረሰ። ከ50 የሚታረመው ቅጽ 21 የነበረው 8 ሆነ። ዳይክሎፌናኩን ትተዋል።

ለመነጽሩ ሁሉንም ምስጋና መስጠት ግን አልችልም። ጎን ለጎን እጅም፣ ልምምድም፣ መብራትም፣ ወንበርም ተለውጧል። ከአንድ ሰው ታሪክ የትኛው ስንት እንደሠራ መለየት አይቻልም። እኔ የማውቀው መነጽሩ ከመቀየሩ በፊት ሁለት ቀን ያልቆየው ነገር በኋላ መቆየቱን ነው።

ከዚያ ፋሲካ ሊገባ ሰሞን ተመልሰው መጡ። የበዓል ቀሚስ ተደራርቦባቸው ሌሊት ይሠሩ ነበር። ሁለት ሌሊት መብራት ጠፍቶ በሻማ ጠልፈዋል። ሕመሙ 5 ደርሷል፣ አንገታቸው 63። ሲገቡ ያፈሩ ይመስሉ ነበር፤ «አበላሸሁብህ» አሉኝ። ምንም አላበላሹም። በዓል ሲደርስ ሥራ የማይበዛበት ጥልፍ ሠሪ የለም። አንድ ጊዜ ሠራሁላቸው። ከዚያ ጥለቱን በየሁለት ሰዓቱ እንዲጠቀሙበት፣ በሻማ ከሆነ ነጭ ላይ በነጭ ክር የሚጠለፈውን ትተው ቀለም ያለውን እንዲያስቀድሙ ተነጋገርን። ይህ ሐሳብ የእሳቸው ነው። ነጭ ላይ ነጭ ዓይንን ያስጎነብሳል አሉ። እኔ ይህን ከየት አውቄ።

ወደ ቀኝ ሲዞሩ ከግራው ትንሽ እንደሚቀር አሁንም ይሰማቸዋል። ከዳግማ ትንሣኤ በኋላ ማክሰኞ ቀጠሮ አለን። አብራቸው የምትሠራው ልጅም ማጅራቷን ያማታል መሰለኝ፣ ይዣት እመጣለሁ ብለዋል። ለእሷም በስልክ ነገርኳት፤ ስትመጪ የምትሠሪበትን መነጽር አድርገሽው ነይ፣ ጨርቅና መርፌም ያዥ።